ደምዎን ለጥናት ከመስጠትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ልብን፣ ጡንቻንና ዘረመልን የሚመረምሩ ሰዎች በርዎን ሲያንኳኩ

ቡታጅራና ዙሪያዋ ላደገ ሰው መዝገብ ይዞ ደጃፍ የሚቆም መረጃ ሰብሳቢ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቁሟል። ከዚያ ወዲህ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አካባቢውን እንደለቀቀ ለዓመታት ሲመዘገብ ኖሯል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በዚሁ አካባቢ 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት አዳርሰው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ከ100,000 ሰው 520ው የሚጥል በሽታ፣ 240ው ደግሞ ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነት ነበረበት። አገሪቱ ስለ ነርቭና ስለ እንቅስቃሴ ሕመሞች ከነበራት ጥቂት አኃዝ አንዱ ከእነዚህ ቤቶች የተለቀመ ነው።

ድሮ ጥናቱ የሚጠይቀው በአብዛኛው ቃል ነበር፤ ስንት ልጅ አለዎት፣ ውኃ ከየት ይቀዳሉ ይል ነበር። ዛሬ ደም፣ የልብ ምስልና የዘረመል ናሙና ሊጠይቅ ይችላል። በወልቂጤም ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ተመራማሪ ከደጅ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብዙዎቻችን የምንፈርመው ተረድተን ሳይሆን በይሉኝታ ነው፤ እንግዳን ባዶ እጁን መመለስ ያሳፍረናል። የሚከተሉት ነጥቦች ይሉኝታውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው እንዲወስኑ ይረዱዎታል። ከሁሉም የሚከብደውና ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «አንድ ነገር ቢገኝብኝ ቀጥሎ ምን ይሆናል?»

1. ጥናት ነው ወይስ ሕክምና?

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሊያክምዎ አልመጣም። ሐኪም የሚመረምርዎ ለእርስዎ ሕመም መፍትሔ ለመፈለግ ነው። ተመራማሪ የሚመረምርዎ ደግሞ ከብዙ ሰው መልስ ሰብስቦ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ደምዎ ወራት ቆይቶ ሊመረመር፣ ውጤቱም ለእርስዎ ላይነገር ይችላል። ደረትዎን የሚያምዎ ወይም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ «ጥናቱ ያየኛል» ብለው አይጠብቁ፤ ካርድ አውጥተው ይታከሙ።

ጥናቱ መድኃኒት የሚሞክር ከሆነ ጥያቄው ይጠነክራል። አዲሱን መድኃኒት ማን፣ የተለመደውን ወይም ባዶውን ክኒን ማን እንደሚወስድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በዕጣ ነው። እርስዎም ሐኪሙም የትኛው እንደደረስዎ ላታውቁ ትችላላችሁ። «ባልሳተፍ የማገኘው ሕክምና ይቀርብኛል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አይቀርም» ካልሆነ ወይም መልስ ሰጪው ካመነታ አይፈርሙ።

2. የሚጠናው የትኛው ሕመም ነው?

«የልብ ጥናት ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። በአካባቢያችን ልብ፣ ጡንቻና ዘረመል የሚገናኙባቸው ቢያንስ ሦስት መንገዶች አሉ። የትኛው እንደሆነ ካወቁ ምን ሊያገኙ እንደሚችሉም መገመት አያቅትዎም።

ከጉሮሮ የሚነሳው የልብ ሕመም። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቮች ያጠቃል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ቫልቭ ሲጎዳ ደግሞ ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በጅማ ምንም ሕመም ያልተሰማቸው ተማሪዎች በኤኮ (የልብን ምስል በድምፅ ሞገድ በሚያነሳ መሣሪያ) ሲታዩ ከ1,000ው 31 ያህሉ ላይ ምልክቱ ተገኝቷል። ይኸው ትኩሳት አንዳንዴ አንጎልን ይነካና ልጁ እጁንና ፊቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። እርሳስ ከእጁ ይወድቃል፣ ጥሩ የነበረው ጽሕፈቱ በሳምንታት ውስጥ ይበላሻል፣ ሳይፈልግ ፊቱ ይጨማደዳል። ሐኪሞች ሲደንሃም ኮሪያ ይሉታል። በመንደር ግን ቡዳ በላው ይባልና ልጁ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል፤ ልቡን የሚያይለት ይጠፋል።

መውደቅ። የሚወድቅ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የልብ ምት በድንገት ሲዛባ አንጎል ደም ያጥረውና ሰው ይወድቃል፣ ሰውነቱም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ የሚወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ ቶሎ የሚነቃ ወጣት ካለ፣ በተለይ በዘመዶቹ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ሊነሳ ይገባል። አንዳንዱ የምት መዛባት በዘር የሚወረስ ነው። ስለ መውደቅ የሚያጠና ቡድን ሲመጣ ኢሲጂ ያነሳ እንደሆነ ይጠይቁ።

የጡንቻ መድከም። ዱሼን የተባለው በሽታ በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ይይዛል። ልጁ በሦስትና በአምስት ዓመቱ መካከል ቶሎ ቶሎ መውደቅ ይጀምራል፤ ከመሬት ሲነሳ እጆቹን ጭኑ ላይ እያስደገፈ ይወጣል። ምክንያቱ ዲስትሮፊን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል መበላሸቱ ነው። ልብም ጡንቻ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ እሱም ይደክማል። ፈውስ የለውም፤ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና የልብ ክትትል ግን ዕድሜ ይጨምራሉ። ስለዚህ የልጅዎን እግር ብቻ አይቶ ልቡን የማያይ ጥናት ግማሽ ሥራ እየሠራ ነው።

3. ከእርስዎ ምን ይወሰዳል?

ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያስቆጥሩ።

ደም፦ ለዘረመል የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ሐምራዊ ክዳን ባላት ትንሽ ቱቦ የሚሞላ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ብዙ ቱቦ ከተደረደረ እያንዳንዱ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ኤኮ፦ ደረት ላይ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቶ በድምፅ ሞገድ የልብ ምስል ይነሳል። ጨረር የለውም፣ አያምም። ሴቶች በሴት ባለሙያ ለመታየት ወይም ዘመድ አብሮ እንዲቆም መጠየቅ ይችላሉ።

ኢሲጂ፦ ደረት፣ እጅና እግር ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልብ ኤሌክትሪክ ይመዘገባል። ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት አይገባም።

የጡንቻ ምርመራ፦ ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ያማል። ቁራጭ ሥጋ የሚወሰድ ከሆነ በተናጠል ሊነገርዎ ይገባል።

ቪዲዮ፦ የእንቅስቃሴ ሕመምን የሚያጠኑ ሰዎች አረማመድን ይቀርጻሉ። ፊት ይታያል ወይ፣ ማን ያየዋል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ይታይ ይሆን ወይ ብለው ይጠይቁ።

መጠይቅ፦ ስለ ጫት፣ ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ መጠየቅዎ አይቀርም። ወይ እውነቱን ይናገሩ፣ ወይ «ይህንን አልመልስም» ይበሉ። ሐሰት ከሰጡ ጥናቱ ይበላሻል፤ ዝም ማለት ግን መብትዎ ነው።

4. ቢገኝብኝ ቀጥሎ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። አንድ ጥናት ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆችን በኤኮ ቢያይ የተጎዳ ቫልቭ ማግኘቱ አይቀርም። ይህ ትርጉም ያለው ቀጥሎ የሚደረግ ነገር ካለ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ለተገኘ ልጅ የሚደረግ ነገር አለ። በኡጋንዳ 818 ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጉት ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ናቸው፤ ካልተወጉት ግን 8.2 በመቶ። መርፌው ያማል፣ ለዓመታትም ሳይቋረጥ መወጋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ መርፌው የሚሰጠው በቅርቤ ባለው ጤና ጣቢያ ነው? መድኃኒቱ ያልቃል ወይ? ጥናቱ ሲያበቃ ማን ይቀጥልልኛል?

ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ ነገሩ ይከብዳል። የልብ ቀዶ ሕክምና በወልቂጤም በቡታጅራም አይሰጥም፤ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቋቋሙት በጎ አድራጎት ጥረት ተገንብቶ በ2009 የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ለብዙ ቤተሰብ የመጨረሻው ተስፋ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ተመራማሪው «ሪፈር እንጽፋለን» ቢልዎ ሪፈር ወረቀት መሆኑን ያስታውሱ። የሚቀበል ሐኪም ስም አለ? ቀጠሮ ያስይዙልኛል? የመጓጓዣው ወጪ የማን ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ሪፈሩ በመድኑ መስመር እንዲሄድ ካርድዎን ይዘው ከጤና ጣቢያዎ ጋር ይነጋገሩ።

ቡድኑ «ውጤት አንነግርም» ካለ ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቁ። አንዳንዴ በቂ ምክንያት አለው፤ የላቦራቶሪው ዘዴ ለአንድ ሰው ውሳኔ የሚያበቃ ላይሆን ይችላል። ሕይወትን የሚያሰጋ ግልጽ ነገር ሲያዩ ግን ዝም የማይሉ መሆናቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

5. ዘረመል ከሆነ ውሳኔው የእርስዎ ብቻ አይደለም

ሐኪሞች ሚውቴሽን የሚሉት የዘረመል ለውጥ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የእርስዎ ውጤት ስለ ወንድምዎና ስለ ልጅዎም ይናገራል። የልብ ጡንቻን የሚያወፍረው የዘር ሕመም ከአንዱ ወላጅ ብቻ ይበቃዋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ዱሼን ደግሞ በእናት በኩል ይመጣል። ሆኖም ሲሶ በሚሆኑት ልጆች ላይ ለውጡ አዲስ የተፈጠረ እንጂ ከእናት የተወረሰ አይደለም። እናትን መውቀስ ሳይንስም ፍትሕም አይደለም። የአባትነት ጉዳይ ሳይታሰብ ሊወጣ እንደሚችልም ይወቁ፤ ያንን እንዳይነግሩዎ አስቀድመው መስማማት ይችላሉ።

ስምና መገለል እዚህ ላይ ይገባሉ። አንዱ የዝሆኔ በሽታ ዓይነት ከቀይ አፈርና ከባዶ እግር ጋር የተያያዘ ነው። በወላይታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ብዙ ሰዎች ያመነቱት መርፌ ፈርተው አልነበረም፤ በጥናቱ መታየታቸው «እነዚያ ሰዎች ዘራቸው ላይ አለ» እንዳያስብል ሰግተው ነበር። በጋብቻ ዘር በሚቆጠርበት አካባቢ ይህ ሥጋት ተራ አይደለም። ተመራማሪው ለዚህ ምን እንዳሰበ ይጠይቁት።

ሌላው የዘረመል ውጤት እርግጠኛነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የልብ ጡንቻ መወፈር ያመጣሉ ተብለው የተዘገቡ አንዳንድ ለውጦች በእርግጥ በጥቁር ሰዎች ዘንድ የተለመዱና ጉዳት የሌላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ስህተቱ የመጣው ማነጻጸሪያው በአብዛኛው ከነጮች የተሰበሰበ ስለነበር ነው። የእኛ ሰው በጥናት መግባቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዶ/ር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። በ29 በመቶው መድኃኒት የሚያፈራርሰው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ዘረመል ተባዝቶ አግኝተውታል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዘው ሜቶፕሮሎል በዚሁ ኢንዛይም ስለሚፈርስ የተለመደው መጠን ለአንዳንዶች ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ሰምተው ግን መጠኑን ራስዎ አይቀይሩ፤ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ለዘረመል ጥናት የቤተሰብ ታሪክ ከደሙ እኩል ዋጋ አለው። ለመስቀልና ለአረፋ ሁሉም ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ወደ ቤት ሲመለስ አረጋውያንን ይጠይቁ፦ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ማነው? መሄድ ያቃተው ልጅ ነበር? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

6. ናሙናው የት ይሄዳል፣ ማንስ ፈቀደው?

ደምዎ አገር ውስጥ ይቀር እንደሆነ፣ ወደ ውጭ የሚሄድም ከሆነ ወደ የትኛው ተቋም እንደሆነ በስም ይጠይቁ። ናሙና ወደ ውጭ ሲወጣ በሁለቱ ተቋማት መካከል የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ሊኖር ይገባል። ለስንት ዓመት ይቀመጣል? ለሌላ ጥናት ይውላል? ቅጹ ላይ «ለወደፊት ምርምር» የሚል ሳጥን ካለ ያንን ብቻ መተው ይችላሉ፤ የቀረውን መፈረምዎ እሱን አይጨምርም።

በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ሊያጸድቀው ይገባል። የኮሚቴውን ስም፣ የፈቃዱን ቁጥርና ስልክ የያዘ ወረቀት ይጠይቁ። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልገዋል። የቀበሌ ወይም የዞን ጤና መምሪያ ደብዳቤ የመግቢያ ፈቃድ እንጂ የሥነ ምግባር ፈቃድ አይደለም፤ ሁለቱን አያምታቱ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል መረጃን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አድርጎ ይመለከተዋል። በተግባር ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ኮድ ብቻውን አይሸሽግም። በአንድ ቀበሌ ሦስት ወንድማማቾች መሄድ ያቃታቸው አንድ ቤት ብቻ ካለ፣ የቀበሌውና የልጆቹ ቁጥር በጽሑፍ ከወጣ ስም ባይጠራም ሁሉም ያውቀዋል። የቀበሌው ስም በሕትመት ላይ እንዳይወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

7. ማን ይፈርማል? በምን ቋንቋ?

ማብራሪያው በሚገባዎ ቋንቋ መሆን አለበት፤ በጉራጊኛ እንዲነገርዎ ከፈለጉ ይጠይቁ። ማንበብ የማይችል ሰው ቅጹ ይነበብለታል፤ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት አሻራውን ያደርጋል። የእድር ዳኛ ወይም የአገር ሽማግሌ ቡድኑን መቀበላቸው መልካም ነው፤ የእርስዎን ፈቃድ ግን አይተካም። ባል ለሚስቱ፣ አማት ለምራቷ አይፈርሙም። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል፤ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅም ራሱ ይጠየቃል። «እምቢ» ካለ ቃሉ ይከበር።

«ነገ እመልሳለሁ» ማለት ይቻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ቅጹን ቤት ወስደው ከሚያምኑት ሰው ጋር ያንብቡት። ማሳደር የማይፈቅድ ቡድን ራሱ መልስ ሰጥቶዎታል።

8. ገንዘብ፣ ጉዳትና መውጣት

ለጥናት መሳተፍ ክፍያ የለውም፤ የትራንስፖርትና ሥራ ፈትተው የዋሉበት ካሳ ግን ተገቢ ነው። ገንዘቡ ከበዛ ይጠራጠሩ፤ እርስዎ ይክፈሉ ከተባሉ ደግሞ ይመልሷቸው። በጥናቱ ምክንያት ቢጎዱ ማን እንደሚያክምዎ፣ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነም ኢንሹራንስ እንዳለው ይጠይቁ። በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ፤ ደምዎ እንዲወገድ መጠየቅም እንዲሁ። የታተመ ውጤት ግን ወደ ኋላ አይመለስም።

እነዚህ ደንቦች በከንቱ አልመጡም። በአሜሪካ አላባማ ቱስኪጊ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች እውነቱ ሳይነገራቸው ተጠንተዋል፤ ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልታከሙም። መጀመሪያ በ1964 የወጣውና በ2024 የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ሐኪም ተመራማሪ ሲሆን ከሁሉ በፊት የሰውየውን ደኅንነት እንዲያስቀድም ያዛል።

ከመፈረምዎ በፊት ምልክት ያድርጉ

□ ጥናት መሆኑን፣ ካልተሳተፍኩ ሕክምናዬ እንደማይቀርብኝ ተነግሮኛል።
□ የሚጠናውን ሕመምና የሚወሰደውን ነገር በራሴ ቃል መናገር እችላለሁ።
□ አንድ ነገር ቢገኝብኝ የሚያክመኝን ቦታና ወጪውን የሚሸፍነውን አውቄያለሁ።
□ የዘረመል ውጤት ይነገረኝ ወይስ አይነገረኝ እኔ መርጫለሁ።
□ ናሙናዬ የት እንደሚሄድና ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።
□ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስልክና የቅጹ ቅጂ እጄ ላይ ነው።
□ በፈለግሁ ጊዜ መውጣት እንደምችል ተነግሮኛል።

ሦስተኛው ሳጥን ባዶ ከሆነ ሌሎቹ ሁሉ ቢሞሉም ይቆዩ። ሌሎቹ መብትዎን ያስጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ግን ጤናዎን የሚመለከት ነው።

ጥናት የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ የሚያብጥ ልጅ፣ እጁን መቆጣጠር ያቃተው ልጅ፣ ሲሮጥ የሚወድቅ ወጣት፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቤት ካለ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ተመራማሪው ሲመጣ ይመጣል።